ከበዓላት በኋላ ያለው ሦስተኛው ሳምንት

እስራኤል ውስጥ ከመስከረም ጀምሮ የሁሉም ጥያቄ መልስ «አሐሬ ሀሐጊም» ነው፤ ከበዓላቱ በኋላ። ቧንቧ ሠሪው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የልጆቹ አስተማሪ፣ ሁሉም እዚያ ቀጥረውናል። እኛ ሯጮቹም ለራሳችን ያንኑ ቀጠሮ ሰጥተን ነበር። ሮሽ ሀሻና ሁለት ቀን ተበላ። እናቶቻችን አስተስርዮ የሚሉት ኪፑር 25 ሰዓት ተጾመ። ሱኮት ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲያዞረን፣ ዶሮ ወጡና ዳቦው ሲከታተል ስምሐት ቶራ ደረሰና ወሩ አለቀ። በዚህ መሀል የሮጠ ካለ እጁን ያውጣ!

በዕረፍቱ ቅንጣት አልቆጭም። የበዓል ገበታ ጥሎ ለሩጫ የሚወጣ ሰው እኛ ቤት «ምን ነካው?» ነው የሚባለው፤ ትክክልም ናቸው። የሚያሳስበኝ አመላለሳችን ነው።

ዓርብ ጠዋት የያርቆንን ዳር ይዞ የሚሄደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። የወንዙ ምንጭ እዚሁ ጎረቤታችን፣ ቴል አፌቅ አካባቢ ነው፤ ከዚያ እየተጠማዘዘ በፔታህ ቲቅቫ ሰሜን በኩል አልፎ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቴል አቪቭ ላይ ባሕር ይገባል። ለጥ ያለ መሬት ነው፤ አንዳንዱ ቦታ የባሕር ዛፉ ሽታ እንጦጦ ያለህ ያስመስልሃል። ለመመለሻ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ግን ሜዳ ክፉ አመል አለው፤ ዳገት ስለሌለ «ኧረ ቀስ» የሚልህ የለም። እናም ከበዓል የተመለሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የነሐሴውን ፍጥነት ፍለጋ ሰዓቱን እያየ ይነጉዳል።

ታዲያ በሦስት ሳምንት ምን ያህል ይጠፋል? እ.ኤ.አ. በ1984 ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ በደንብ የሠለጠኑ 7 ስፖርተኞችን ልምምድ አስቁመው ለክተዋል። ሰውነት በከፍተኛ ድካም ላይ ሊጠቀም የሚችለው የኦክስጅን መጠን በ21 ቀን ውስጥ 7 በመቶ ቀነሰ፤ በ84 ቀን ደግሞ 16 በመቶ። 7 በመቶ ብዙ አይመስልም፤ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ግን ይሰማል። ቶሎ የሚሸሸው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ነው። እሱ ሲያንስ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይቀንስና ጉድለቱን በምት ብዛት ለማካካስ ይሮጣል። በበዓል የጨመረው ኪሎም ሁሉ ስብ አይደለም፤ ጡንቻና ጉበት ከዳቦውና ከእንጀራው ያከማቹት ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ሚዛኑን ያስፈራል። ሚዛኑን እርሱት።

የምሥራቹ፣ ቶሎ የሄደው ቶሎ ይመለሳል። ልምምድ በተጀመረ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ይሞላል፣ የልብ ምት ይረጋጋል፣ ትንፋሽ ይከፈታል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጅማትና አጥንት ይህን ወሬ አልሰሙም። የተረከዝ ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ የሚጠነክረው በወራት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት አያስፈራም፤ እሱ ራሱ ያዋርድሃል፣ ልሩጥ ብትልም ትንፋሽህ አይፈቅድም። ሦስተኛው ሳምንት ነው አደገኛው። ሳንባህ «ተመልሻለሁ» ይልሃል፣ ባትህና ተረከዝህ ግን ገና መንገድ ላይ ናቸው። በየዓመቱ እያነከሱ ከያርቆን የሚመለሱትን ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ «በጣም ጥሩ ስሜት ላይ ነበርኩ» ነው የሚሏችሁ።

በእኛ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ሥራ ቦታ «ሩጫ ከበደኝ» ብትይ «አንቺ? ኢትዮጵያዊት ሆነሽ?» ይሉሻል። ማሩ ተፈሪና ጋሻው አያሌ እ.ኤ.አ. በ2022 ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን የብርና የነሐስ ሜዳሊያ ወሰዱ፤ ማሩ በዓመቱ ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና በ2:09:12 ሁለተኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁላችንን የእነሱ ዘመድ አድርጎናል። ኩራቱ ደስ ይላል፣ ዕዳው ግን የእኔ አይደለም። ደግሞ ሰው የሚያየው የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ብቻ ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ የቀላል ልምምድ ቀን አትሌቶቹ በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፍ መሀል እየተጠማዘዙ እንዴት ቀስ ብለው እንደሚሄዱ ያየ ሰው ይገረማል። ኮንዲሽን ቀስ ብሎ እንደሚገባ እነሱ ያውቃሉ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቀች። በመሀሉ ሁለት ዓመት አለ። እኛ ለሦስት ሳምንት ዶሮ ወጥ አንድ ዓርብ እንመድባለን። (የእንቁላሉን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።)

እናቴ ጫማ ሳስር ባየች ቁጥር «ማን አባረረሽ?» ትላለች። ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግሯ የተጓዘች ሴት ናት፤ ለደስታ ብሎ መድከም አይገባትም። መራመድ ግን ይገባታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት እሷን ይዤ እወጣለሁ። ጥቂት ደቂቃ እሮጥና ተመልሼ አብሬያት እራመዳለሁ፣ ወሬዋ ሳይቋረጥ። ለወሬዋ መልስ እየሰጠሁ መሮጥ ከቻልኩ ልኩ ነው፤ «እህ» ብቻ ማለት ከጀመርኩ በዝቷል። በሁለተኛው ሳምንት ቀን ዘልዬ፣ ከበዓል በፊት የነበረኝን ርቀት ግማሽ። ሦስተኛው ላይ፣ እግሬ በጣም በሚለምነኝ ሰዓት፣ ምንም አልጨምርም። የሁለተኛውን ሳምንት እንዳለ እደግመዋለሁ። ይህ ነው ከባዱ።

ለተረከዝ ጅማት ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም የራሱ ተረከዝ ታሞ አለቃው አላክምህም ይለዋል። ተናደደና ብሶበት የግድ እንዲቀደድለት ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዙን ቁልቁል እያወረደ ያሠቃየው ጀመር። ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 የ12 ሳምንት ልምምድ አድርጎ በጥናት አሳተመው፤ ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ሁሉ ያውቁታል። ለጤነኛው ሰው ያን ያህል አያስፈልግም። ቡናው እስኪፈላ በሁለት እግር ከፍ ብሎ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድ ይበቃል። የሚያመው ግን ሐኪም ይይ እንጂ እኔን አይስማ።

ቀን መቁጠሪያችንም ለዚህ የተመቸ ነው። ስግድ ሔሽቫን 29፣ ከኪፑር 50ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ከስምሐት ቶራ እስከ እሱ አምስት ሳምንት ያህል አለ። ያን አምስት ሳምንት ሙሉውን ለመመለሻ ሰጥቼዋለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሥራ በኋላ ይጨልማል፣ ስለዚህ ወደ ጠዋት እዛወራለሁ፤ ሙቀቱም እስከዚያ ይበርዳል። በስግድ ዕለት ሩጫ የለም። በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሀናጺቭ ነን፣ ቄሶቹ እስኪጨርሱ በጾም ቆመን። ፍጥነት የሚባለውን የምነካው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው፣ መጀመሪያ አጫጭር ማፍጠኛ ብቻ። ጥብርያዶስ ማራቶን የተመዘገባችሁ ጊዜው አጥሮባችኋል፣ ግማሹን ብትሮጡ ይሻላል። እኔ የቴል አቪቩን እጠብቃለሁ። ዓርብ ጠዋት በዝግታ መሄድ የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ፤ እናቴ ቀድማ እንደምትጠብቀው ግን ይወቅ።