ቁሌቱ ይቅደም

እናቴ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ «ምን በላሽ?» ብላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት «እንጀራ በሽሮ» እያልሁ ዋሸኋት። የበላሁት ኢንዶሚ ነበር።

ዱባይ የመጣሁት በ2009 ዓ.ም. ነው። ዴራ ውስጥ ፍሪጅ ሙራር በሚባለው፣ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በበዛበት ሰፈር፣ ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖራለን። ቤድ ስፔስ ይሉታል፤ የሚከራዩት ቤት ሳይሆን አልጋ ነው። ምድጃው ለሦስት ክፍል አንድ ነው። ማታ ከጽዳት ሥራ ስመለስ ወረፋ ይጠብቀኛል፤ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ድስት ይዘው ከጀርባዬ የሚቆሙ አሉ። እንጀራ ከታች ሱቅ አይጠፋም፤ ግን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ነውና ዋጋው መንገዱን ያስታውሳል። ኢንዶሚ ባቃላው (ትንሹ የሰፈር ሱቅ) ውስጥ ሁለት ድርሃም ገደማ ነው። በየወሩ ወደ አገር ቤት ለሚልክ ሰው ሒሳቡ ብዙ አያስጨንቅም።

ኢንዶሚ በመሠረቱ የአንድ የኢንዶኔዥያ ምርት ስም ነው። ዐረብ አገር የኖረ ሐበሻ ግን የማንም ፋብሪካ ይሁን፣ በሦስት ደቂቃ የሚደርሰውን ኑድል ሁሉ ኢንዶሚ ነው የሚለው።

በዚያን ጊዜ የማበስለው እሽጉ ላይ እንደ ተጻፈው ነበር። ውኃ ማፍላት፣ ኑድሉን መክተት፣ ዱቄቱን መነስነስ። የሚወጣው ጨዋማ መረቅና በውስጡ የተኛ ጣዕም የለሽ ክር ነው። መጀመሪያ ያዘነችልኝ ከጎናችን ክፍል የምትኖር ፊሊፒናዊት ናት። ፊሊፒኖዎች ታላቅ እኅትን «አቴ» ይላሉ፤ እኔም ያለ ትርጉም ገባኝና «እቴ» እያልሁ እጠራት ጀመር፤ ልዩነቱን እስካሁን አላወቀችም። እንቁላል ሰብራ ጣል ማድረግን፣ ምድጃው ከጠፋ በኋላ ሎሚ መጭመቅን ያሳየችኝ እሷ ናት። ተሻሻለ። ግን የሰው አገር ምግብ እንደ ሆነ ቀረ።

ነገሩ የተፈታው ላሊበላ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለገና ፈቃድ አግኝቼ ስገባ ለጎረቤት ልጆች ብዬ ጥቂት እሽግ በሻንጣዬ ይዤ ነበር። ሦስት ደቂቃ ቀቀልሁት፤ አልበሰለም። አምስት አደረግሁት፤ አሁንም ጥርስ ይይዛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ውኃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሽጉ ላይ ያለው ሦስት ደቂቃ ግን ለቆላ ሰው የተጻፈ ነው። እናቴ ከጀርባዬ ቆማ ስታይ ቆየችና ያልተቀቀለውን አንሥታ ቀነጠበች፣ አሸተተች፣ በጥርሷ ሰበረችው።

«ይህማ ድርቆሽ አይደል? ድርቆሽ በባዶ ውኃ ይሠራል እንዴ?»

ዱቄቱንም አገላብጣ የዶሮዋን ሥዕል አየች። የነቢያት ጾም አልተፈታም ነበር። «ይህችን ለገና አስቀምጫት» አለችኝ።

ድርቆሽን እናቴ ታውቀዋለች። ለገና ወደ ላሊበላ የሚመጣ ተሳላሚ ብዙው ቀናት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚደርሰው፤ ስንቁም ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ ነው። በእኛ አገር ደንብ የተሳላሚ እግር ይታጠባል። ልጅ ሳለሁ የእኔ ሥራ ውኃ ማሞቅና ማቅረብ ነበር፤ እናቴ ደግሞ እንግዶቹ ያመጡትን ደረቅ ስንቅ ትቀበልና ቁሌት ጥዳ፣ ሲንተከተክ ድርቆሹን ትጨምርበታለች። ከሩቅ የመጣ ሰው የገዛ ስንቁን ትኩስ አድርጎ ይበላል። ያን ዕለት በኢንዶሚውም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ሽንኩርት አቁላልታ፣ በርበሬ ጨምራ፣ ውኃ አፍስሳ፣ ኑድሉን በመጨረሻ። ልጆቹ ድስቱን ጠረጉት።

ኋላ ሳስበው ነገሩ የእጅ ምትሃት ብቻ አይደለም። ፈጣን ኑድልን በ1958 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ጃፓን አገር የኖረው ሞሞፉኩ አንዶ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ የበሰለው ኑድል በጋለ ዘይት ሲጠበስ በውስጡ ያለው ውኃ ተንኖ ይወጣል፣ በወጣበትም ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል። ኋላ ፈሳሹ የሚገባው በዚያ ነው። የእኛው እንጀራ ደግሞ ገና ምጣድ ላይ ሳለ ዓይን ያወጣል፤ ሲደርቅ ዓይኑ እንዳለ ነው። ዓይን ያለው ነገር የሰጡትን ይጠጣል። ባዶ ውኃ ከሰጡት በባዶ ውኃ ይጠግባል፤ ከላይ የሚነሰነሰው ዱቄት መረቁን እንጂ እሱን እምብዛም አያገኘውም።

ስለዚህ አሁን እንዲህ እሠራለሁ። በዕረፍት ቀኔ የሳምንቱን ቁሌት አንድ ጊዜ አቁላልቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ (ፍሪጅ በዚህ አገር ዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው፤ እኔ የምለው ማቀዝቀዣውን ነው)። ማታ ሁለት ማንኪያ ቁሌት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ውኃ፤ ሲንተከተክ ኑድሉ ይገባል። ጎመን ካለ ደቅቆ ተከትፎ አብሮት። ከእሽጉ ዱቄት ከግማሽ በላይ አልጨምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ አንዲቷ ከረጢት ብዙ ጊዜ ብቻዋን የዚያን ግማሽ ገደማ ትወስዳለች። ቁሌት ካለ ደግሞ ጨው አያስፈልግም፤ ይህን ምላሴ ራሱ ነግሮኛል።

በጾም ቀን ዱቄቱን ትቼ ሽሮ አደርጋለሁ። ከሁሉ የሚጣፍጠኝ ይህ ነው፤ ግን መጀመሪያ ቀን አዋርዶኛል። ሽሮውን ደረቁን በሚፈላው ላይ ዘረገፍሁትና ጓጎለ፤ እቴ «ይህ የሥጋ ኳስ ነው?» አለችኝ። ሽሮ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ይገባል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይንተከተካል፣ ኑድሉ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሶብላ ድስቱ ሊወርድ ሲል። ፍስክ ሲሆን እንቁላሉ ከእቴ፣ በማንኪያ ጫፍ የሚጨመረው ንጥር ቅቤ ከእናቴ ነው። ሎሚና ቅቤ አብረው እንደማይሄዱ ሞክሬ አይቻለሁ፤ አንዱን መምረጥ ነው።

ይህ ሁሉ ኢንዶሚን እንጀራ አያደርገውም። በየቀኑም የሚበላ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ በእሱ ብቻ የከረምሁባቸው ወራት ሰውነቴን ምን እንዳደረጉት አውቃለሁ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ግን፣ ወረፋው አልፎ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ሲቀረኝ፣ የበርበሬው ሽታ በኮሪደሩ ሲሄድ ሌላው ክፍል ያሉ ልጆች «ዛሬ ወጥ ሠራሽ?» ይሉኛል።

ለእናቴ አሁን አልዋሽም። «ድርቆሽ በላሁ» እላታለሁ።

ከላሊበላ ወደዚህ የምትመጡ ካላችሁ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ከተረፈ ነጠላና የእንጨት መስቀል ይቆየን። በሶብላ አምጡልን፤ አልቆብናል።