ውሻዎን ይዘው ወደ ቢሾፍቱ

ቅዳሜና እሁድን ቢሾፍቱ ለማሳለፍ ሲነሱ ልጆችዎ «ቡቺስ?» ማለታቸው አይቀርም። ብዙዎቻችን ውሻችንን ከጥበቃው ጋር ትተን መሄድ ለምደናል። ይዘነው ብንሄድስ ከተማዋ ትመቸዋለች?

ጉዞው

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሻው ብዙ አይንገላታም። ሚኒባስ ከተሳፋሪ ጋር ሊያጨቃጭቅዎት ስለሚችል የራስዎ መኪና ይሻላል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ትሞቃለች፤ ስለዚህ ውሻውን መኪና ውስጥ ዘግተውበት ምሳ አይግቡ። የሐይቅ ዳር ሎጆች ሁሉ ውሻ አይቀበሉም፤ ቦታ ከመያዝዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

ሽርሽሩ

ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ በባቦጋያ አካባቢ በእግር መሄድ ለልጆችም ለውሻውም ደስ ይላል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ግን እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዳርቻው ገደላማ ነው፤ ማሰሪያውን ከእጅዎ አይልቀቁ። ጨለለቃም የወፎች መዋያ ስለሆነ ውሻ የሚፈታበት ቦታ አይደለም። በኢሬቻ ሰሞን ሆራ አርሰዲ በሕዝብ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ውሻው ቤት ቢቆይ ይመረጣል።

ጤናው

ቢሾፍቱ ብዙ ከተሞች የሌላቸው ነገር አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ መቀመጫው እዚሁ ሲሆን የእንስሳት ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። በሳምንቱ መጨረሻ አገልግሎት መኖሩን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ትልቁ ፈተና እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ በየመንገዱ የሚዞሩት ባለቤት አልባ ውሾች ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው፤ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ እስኪሠራ ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈጅ ለጉዞው ዋዜማ አያቆዩት። ልጅዎን ውሻ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ከሰው ጋር

ውሻ የሚፈሩ፣ በእምነታቸውም ምክንያት እንዲነካቸው የማይፈልጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በጠባብ መንገድ ሲገናኙ ማሰሪያውን አሳጥረው ዳር ይያዙ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ቅጥር አያስጠጉት። የጣለውንም በፌስታል አንሥተው ይሂዱ።

ለተከተበና ለታሰረ ውሻ ቢሾፍቱ ትመቻለች። ጎረቤቱ ውሻውን የሚወደው ባለቤቱን አይቶ ነውና፣ ቀሪው በእርስዎ እጅ ነው።