የአምባገነኖች የልጅነት ፎቶግራፍ ምን ይነግረናል?



በመምህርነት ሥራችን ከወላጆች ደጋግመን የምንሰማው አነጋገር አለ። «የዚህ ልጅ ነገር ከፊቱ ያስታውቃል፤ ሲያድግ አገር የሚያተራምስ ነው» ይባላል። ልጁም አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። እውን ከልጅ ፊት ላይ ነገ ይነበባልን? ዓለምን ያስለቀሱ ሰዎች በልጅነታቸው የተነሷቸውን ፎቶግራፎች እንመልከት።

አዶልፍ ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1889 በኦስትሪያ ተወለደ። የጨቅላነት ፎቶግራፉ ጉንጩ የሞላ፣ ዓይኑ የጎላ፣ ማንም እናት ልትታቀፈው የምትወደውን ሕፃን ያሳያል። በ1899 ገደማ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነሳ ከላይኛው ረድፍ መካከል ቆሟል። ዛሬ ያን ፎቶ የሚያዩ «ኩራቱን ተመልከቱ!» ይላሉ። ስሙ ባይነገራቸው ኖሮ ግን ከዚያ ሁሉ ልጅ ማንን ይመርጡ ነበር?

በ1930ዎቹ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ፊቱን ያኮሳተረ፣ የሚያስፈራ ሕፃን ፎቶ «ሕፃኑ ሂትለር» ተብሎ በአሜሪካ ጋዜጦች ወጣ። ኋላ ሲጣራ ልጁ አሜሪካዊ ሆኖ ተገኘ፤ ፊቱም ክፉ እንዲመስል ተነካክቶ ነበር። ሰዎች የጠበቁትን ክፋት ከእውነተኛው ሕፃን ፊት ቢያጡት፣ በሌላ ልጅ ፊት ላይ ሣሉት ያሰኛል።

ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮሶ በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ ከመልኩ ይታወቃል ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ግን 3000 ያህል እስረኞችን መርምሮ፣ የተለየ የወንጀለኛ መልክ እንደሌለ በ1913 አሳየ።

«አስተዳደጉ ነው» የሚሉም አሉ። የሂትለር አባት ይገርፈው ነበር፤ የስታሊን አባት ሰካራም ጫማ ሰፊ ነበር። አስተዳደግ በርግጥ ይከብዳል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ስንቱ ልጅ እየተገረፈ አደገ? ሁሉም አምባገነን አልሆነም። የሙሶሊኒ እናት ደግሞ አስተማሪ ነበረች፤ እርሱም ለጥቂት ጊዜ አስተምሯል። በ1935 ጦሩን በአገራችን ላይ ያዘመተው ይኸው ሰው ነው።

ሕፃን ሁሉ በፊጥራ፣ ማለትም በንጹሕ ተፈጥሮ እንደሚወለድ ተምረናል። ፎቶግራፎቹም ከዚህ የተለየ አይመሰክሩም። በሕፃኑና በአምባገነኑ መካከል ያለፉት ዓመታት፣ ሰውዬው ራሱ የመረጠው መንገድ፣ ያጨበጨቡለትም ሰዎች በፎቶው ላይ የሉም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ በልጅ ላይ በመልኩ አንፍረድ፤ ክፉ ስምም አናውጣለት። የሚታየው ሥራው ነው። ደካማውን ሲመታ፣ በድሃው ልጅ ሲያፌዝ ካየን «ሲያድግ ይተዋል» ሳንል በዚያው ዕለት በፍቅር እናርመው። መልኩ ያማረና ትምህርቱ የሰመረ ልጅም ከዚህ እርማት አይቀርም።

አላህ ልጆቻችንን ከመበደልም ከመበደልን አጨብጫቢነትም ይጠብቅልን። አሚን።