ሐሙስ ከሰዓት

ደሴ አጠገብ ባለችው ገራዶ ማንም ሰው «ጭንቀት አለብኝ» ብሎ ወደ እኛ ወደ አማካሪዎቹ አልመጣም። «ልቤ ይመታል»፣ «ሌሊቱ አይነጋልኝም»፣ «ልጁ በተኛበት ይጮኻል» ነበር የሚሉን። ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነው። የሕወሓት ኃይሎች ጥቅምት 20 ገደማ ደሴና ኮምቦልቻ ገብተው፣ ከተሞቹ ኅዳር 27 ተመልሰው በመንግሥት እጅ ሆነዋል። ከዚያ በፊት ደሴ ከወልድያና ከቆቦ የተፈናቀለውን ሕዝብ በየትምህርት ቤቱ አስጠልላ ነበር። ከተማዋ ስትያዝ ያስጠለለውም የተጠለለውም አብሮ ተሰደደ።

ሰው ግን እኛን ሲጠብቅ አልተቀመጠም። ወሎ ነውና ወዳጃ ተቀምጧል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ዱዓ ተደርጓል፤ ክርስቲያኑም ጠበል ሄዷል። ይህን ሁሉ አድርጎ ያልቀለለው ነው እኛ ጋ የመጣው፤ ስለዚህ የሚመጣው ቀላሉ አልነበረም።

ይዘን የሄድነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ፒ ኤም ፕላስ» የተባለ ዘዴ ነው። በሳምንት አንዴ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ በ5 ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ሲሆን የሥነ ልቦና ሐኪም ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ እንዲሠራበት ተዘጋጅቷል። ለሠልጣኙ ግን አንድ ግዴታ ያኖራል፤ በየጊዜው የያዘውን ጉዳይ ለበላዩ ባለሙያ ማቅረብ አለበት፤ ሱፐርቪዥን የሚባለው ይህ ነው።

እስከዚያ የማውቀው ሱፐርቪዥን በመኪና መጥቶ፣ ቼክሊስት አውጥቶ፣ መዝገብ ቆጥሮ፣ አስተያየት ጽፎ የሚሄድ ነው። ለክትባትና ለመድኃኒት ክምችት ይህ ያስፈልጋል። አልቅሳ የወጣች ሴት የተቀመጠችበትን ወንበር እያየች ለቀረች አማካሪ ግን አይደርስላትም።

የኛ ሱፐርቫይዘር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሐሙስ ከሰዓት ደሴ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። የባለጉዳይ ስም አይነሳም። «ምን አደረግሽ?» ከማለታቸው በፊት «አንቺ ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ?» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ይህ ጥያቄ ያሳፍረን ነበር፤ ስለራስ ማውራት አላደግንበትም።

አንድ ሐሙስ ባልደረባችን ስለ አንዲት የገራዶ ሴት ነገረችን። ሴትዮዋ የማረጋጊያውን አተነፋፈስ ስትጀምር ደህና ነች፤ «አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ» ስትባል ግን ብድግ ብላ ትወጣለች። ተመልሳ ትመጣለች፣ ደግሞ ትወጣለች። «ልጄ፣ ስጨፍነው እነሱ ይመጡብኛል» ብላታለች። ባልደረባችን ሴትዮዋ ዘዴውን እምቢ አለች ብላ ተጨንቃለች።

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ተነሡና እኔን በባለጉዳይዋ ቦታ አስቀመጡኝ፤ ወንበሩንም ገራዶ ባለው ክፍል እንደሚቀመጠው፣ ጀርባዬን ለበሩ አድርገው አዞሩት። ባልደረባችን ልክ እዚያ እንደምትለው በለስላሳ ድምፅ ዓይኔን እንድጨፍን ነገረችኝ። ጨፈንኩ። ውጭ ባጃጅ ቆመ፤ አንድ ሰው ወረደ፤ ኮቴው ወደ በሩ መጣ። አልፎ ሄደ እንጂ ወደኛ አልነበረም፤ እኔ ግን ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሷል፤ መዳፌ ርሷል።

«ዓይኗ እንዲጨፈን የፈለገው ማን ነው?» አሉ ጋሼ፣ ወደ ባልደረባችን ዞረው። «እሷ ናት ወይስ አንቺ?» ቁጣ አልነበረበትም። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና ማልቀስ ጀመረች። የሴትዮዋን ዓይን ማየት ራሷን ይከብዳት እንደነበር ነገረችን፤ እሷም በዚያ ጥቅምት ከደሴ በእግሯ የወጣች ናት። የዚያን ዕለት የቀረውን ጊዜ ለእሷ ሰጠናት።

በሚቀጥለው ሳምንት ገራዶ ላይ ወንበሩ ወደ በሩ ዞረ፤ በሩም ገርበብ አለ። ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ፣ ሁለት እግሯን መሬት ላይ አጥብቃ፣ ከፊቷ ያለውን የመስኖ ማሳ እያየች ተነፈሰች። «እንዲህ ከሆነማ እችላለሁ» አለች። አምስቱንም ጨረሰች።

ከኮምቦልቻ የሚመጣ አንድ ወጣት ባልደረባ አለን። ሂፕኖሲስ ከስልኩ ቪዲዮ ተምሮ ሊሠራበት ጓጉቶ ነበር። ጋሼ ዘዴውን አላጣጣሉበትም፤ ውጭ አገር ሳሉ ተምረውታል። ፍሮይድ ራሱ በሂፕኖሲስ ጀምሮ እንደተወው፣ በ1920 እ.ኤ.አ. በርሊን የተከፈተው የሥነ ልቦና ትንተና ክሊኒክም ሠልጣኙ የያዘውን ታካሚ ከአንጋፋ ጋር እየመከረ እንዲያክም ማድረጉን ተረኩለት። ቀጥለው፣ «ሰው ራሱን በእጅህ ላይ ሲለቅልህ፣ አንተን የያዘህ ማን ነው?» አሉት። ወጣቱ ብልህ ነው፤ ቪዲዮውን አቆይቶ ሐሙስን መረጠ። ይህ ጥያቄ ሂፕኖሲስን ብቻ የሚመለከት አይመስለኝም። በአተነፋፈስም፣ በጸሎትም፣ በወሬም ቢሆን ሰው ጥበቃውን አውርዶ ፊታችን የሚቀመጥበት ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት የሚያማክረው ሰው ብቻውን መሆን የለበትም።

የምንሠራበት ፕሮጀክት ሲዘጋ መጀመሪያ የተቆረጠው ሐሙስ ነው። የሠለጠነው ሰው ቁጥር ሪፖርት ላይ ይገባል፤ አንዲት አማካሪ እንቅልፍ ሳታጣ ማደሯ ግን ዓምድ የለውም። አሁንም ያናድደኛል። ማንም በዚህ ሥራ ላይ በጀት የሚይዝ ሰው ካነበበኝ፣ ከሥልጠናው አንድ ቀን ቀንሶም ቢሆን ለሱፐርቪዥን የትራንስፖርት ገንዘብ እንዲያኖር እለምነዋለሁ።

ጋሼ ያለ አበል ቀጠሉ። እኛ ደግሞ ለቡናው እናዋጣለን። የኮምቦልቻው ልጅ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ይመጣል። ባለፈው ይዞት የመጣው ጉዳይ ከባድ ስለነበር መሸብን፤ ሳንጨርሰው ለሚቀጥለው ሐሙስ አሳደርነው።