የክብሪቱ ቀፎ

በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ ሰው ድንገት ሲወድቅ አስቀድሞ የሚጠራው ሐኪም አልነበረም፤ ክብሪት ነበር። «ክብሪት! ክብሪት ያላችሁ!» ይባላል። የሚያጨሰውም የማያጨሰውም ኪሱን ይዳብሳል፤ ሊስትሮው ከሣጥኑ፣ ጉሊት ሻጯ ከመቀነቷ ያወጣሉ። እንጨቱ ይጫርና ጢሱ ከወደቀው ሰው አፍንጫ ሥር ይያዛል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው፣ እሱም ሲጠፋ ሌላው። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ መንፈራገጡ ይበርዳል፤ ሰውዬው አረፋ በደፈቀ አፉ በረጅሙ ይተነፍሳል። «ለቀቀው!» ይላል ጫሪው፣ ጣቱን እፍ እያለ።

የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ያህል አንፈራግጦ በራሱ ጊዜ ይለቃል። አራት አምስት ክብሪት ነዶ እስኪያልቅ የሚፈጀውም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ክብሪቱ ሁልጊዜ ያድናል! እንዲህ ያለ ፈዋሽ እንዴት ስሙ ይጥፋ? እኔ ራሴ ነርስ ሆኜ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ የሆስፒታል በር ላይ ክብሪት ጭሬ አውቃለሁ።

ይህን ጉዴን ያወቅሁት አማኑኤል ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠለጥን ነው። ሥልጠናው በ1970ዎቹ መጨረሻ በዓለም ጤና ድርጅት እገዛ ተጀምሮ ነበር፤ እኔ የገባሁት ጥቂት ዓመታት ቆይቼ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጀመረው ይህ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ስሙ ስድብ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «አማኑኤል ወራጅ አለ?» ሲል «አለ» የሚል ሰው ቶሎ ብሎ «ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው» ይል ነበር። እኔም ብያለሁ። እናቴማ የምሠለጥንበትን ስትሰማ «ምን በደልክ ልጄ?» ብላ አለቀሰች።

ግቢው ውስጥ ከየክፍለ ሀገሩ በገመድ ታስረው ከሚመጡት መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ነበሩ። የነርቭ ሐኪም በጣት የሚቆጠርበት አገር ስለነበርን፣ ሌላው ዓለም ለሁለት ከፍሎ የሚያክመውን የነርቭና የአእምሮ ሕመም እኛ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠን እንቀበለው ነበር። ድምፅ የሚሰማው ወጣትና የሚጥላት ልጅ ጎን ለጎን ተራ ይጠብቃሉ። ከቀደምት የነርቭ ሐኪሞቻችን አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ ዙሪያ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት ያስጠኑትን ጥናት ያየሁትም ያኔ ነው። 60,820 ሰው ተጠይቆ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ተገኙ፤ ከሺህ ሰው አምስት ማለት ነው። አብዛኞቹ ዕፅ፣ ጠበልና ክታብ ሞክረዋል፤ የሐኪም ቤት መድኃኒት የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው።

ያን ቁጥር ይዤ ነው በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ገጠር ሆስፒታል የተላክሁት። አውቶቡስ ውስጥ ሒሳብ ስሠራ ሄድኩ። አካባቢው አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ቢኖረው አምስት ሺህ በሽተኛ አለኝ። ስደርስ የጠበቀኝ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ቁልፏ የማይዞር ቁም ሣጥን። በሯ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አልነበረም፤ እኔም አልለጠፍኩም፤ ሕመምተኞቹ እንዳይለጠፍ ይፈልጉ ነበር። ድሬሰሩ «የነርቭ ክፍል» እያለ ይጠቁማቸዋል። «ነርቭ» ሲባል ሰው አያፍርም።

መድኃኒቶቼ አራት ነበሩ፤ ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ በወር አንዴ የሚወጋው ሞዲኬት እና ፌኖባርቢታል። ፌኖ እንለዋለን። ለሚጥል በሽታ መዋሉን ያስተዋለው አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912። ሲነገር እንደሰማሁት የሚኖረው ከሕሙማኑ ክፍል በላይ ስለነበር ሌሊት ሲጥላቸው በሚሰማው ሁካታ እንቅልፍ አጣ፤ ለእነሱ ማስተኛ ሰጣቸው፤ መተኛት ብቻ ሳይሆን መውደቃቸውም ቀነሰ። እኔ ዘንድ የደረሰው ከሰማንያ ዓመት በኋላ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ የሚዋጠው ማታ አንዴ፤ ውዱ መንገዱ ነበር። አምስት ሰዓት በእግር የሚመጡ ነበሩ።

ካርድ ላይ የሚሞላ አንድ ጥያቄ አለ፤ በወር ስንት ጊዜ ይጥላል? ማንም አይመልስልኝም ነበር። «ብዙ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ጨረቃ ስትሞላ»፣ «እግዜር ያውቃል»። አንድ የገበያ ቀን ግን አንዲት እናት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ሲገለጥ ጣቶቿ ተጣብቀዋል፤ ምድጃ ላይ ወድቃ ነው። ከዚያ ወዲህ እሳት ዳር አትደርስም፤ እንጀራ አትጋግርም፤ ውኃ አትቀዳም። የምትጠጣበት ጣሳ ለብቻው ነው፤ በአረፋው ይተላለፋል ስለሚባል።

«ስንት ጊዜ ይጥላታል፣ እማማ?»

«እኔ መች ቆጥሬ አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። ይኸው አንተ ቁጠረው።»

ከመቀነታቸው የክብሪት ቀፎ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። የነደደ የክብሪት እንጨት ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ የተቆለመመ። በወሩ ውስጥ ልጃቸውን በጣላት ቁጥር የተጫረውን አንድም ሳይጥሉ አስቀምጠውታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እንዴት ይጣላል?» አሉኝ። ልጃቸውን የመለሰ ነገር ነዋ።

«በአንዱ ውድቀት ስንት ይጫራል?»

«ሦስት።»

ሠላሳ ዘጠኝ እንጨት ቆጠርኩ። ለሦስት አካፍዬ ካርዱ ላይ 13 ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ እንደዚያ ቀፎ የታመነ መረጃ ግን አልገጠመኝም።

ከዚያ የተማርኩትን ነገርኳቸው። ከእሳትና ከውኃ አርቋት፣ በጎኗ አስተኟት፣ ራሷ ሥር ልብስ አድርጉላት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ እስክትነቃ አጠገቧ ሁኑ። እናትየው ሁሉንም ተቀበሉ፤ ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ የቆመው ወንድሟ ግን «ልንነካት?» አለ። ያኔ ነው ክብሪቱ በደንብ የገባኝ። ክፋት አልነበረም፤ ሳይነኩ መርዳት ነበር። ፍርሃትም ርኅራኄም ያለበት ሰው እጁን የሚዘረጋው እስከ ክብሪት እንጨት ጫፍ ድረስ ነው። ለወንድምየው አረፋው ምራቅ ብቻ መሆኑን፣ እኔም ስንቴ እንደነካሁት ነገርኩት። አላመነኝም። ልጅቱን እጇን ይዤ ከወንበር ሳስነሳት ግን እጄን በጥንቃቄ ያየው ነበር።

ቀፎውን ለእናትየው መለስኩላቸው። ከእንግዲህ አትጫሩ፤ በጣላት ቁጥር አንዲት የነደደች እንጨት ጣሉበት አልኳቸው።

ጠበሉን ተዉ አላልኳቸውም። ይህን ጥበብ ያገኘሁት በመጽሐፍ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ አባት ልጃቸውን ጠበል እንደሚወስዱ ሲነግሩኝ፣ ጠበል ለዚህ በሽታ አይሆንም ብዬ እንደ አዋቂ ተናገርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ልጁን ይዘው ወጡ፤ አልተመለሱም። የልጁ ካርድ አንድ መስመር ብቻ እንደተጻፈበት ቀረ። ፌኖ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ እንደሚመጣ፣ አንዱ ሳይለቅ ሌላው እየተከታተለ ሊገድልም እንደሚችል እያወቅሁ፣ ኪኒን የሰጠሁትን ልጅ በራሴ አፍ አባረርኩት። ከዚያ በኋላ ነው አንድ እሑድ ጠበሉ ቦታ ድረስ የወረድኩት። አጥማቂው አባ ረጋ ብለው አዳመጡኝ፤ ኪኒኑን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩና ጠበልና መድኃኒት አይገናኝም ሲሉ ተቃወሙ። ብዙ ተነጋገርን። ሲያበቁ «እንግዲህ ጠዋት የእኔ፣ ማታ የአንተ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጠበሉ ወደ እኔ የመጣው ሰው ከጤና ጣቢያ ከተላከልኝ ይበልጣል።

የቀፎው ቁጥር ወረደ። ዘጠኝ፣ አምስት፣ ሁለት። እናትየው እንጨቶቹን ሲዘረግፉ ፊቴን ነው የሚያዩት፤ ቁጥሩን እሳቸውም ያውቁታል።

ከዚያ ፌኖ አለቀ። በፊርማና በኮታ የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ ደብዳቤዬ አንድ መጋዘን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኛ። የቀረኝን ከፋፍዬ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የአሥር ቀን ብቻ ሰጠሁ። የሚያዋጣ ሒሳብ እንዳልነበረ አሁንም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። በሚቀጥለው ወር እናትየው ሲመጡ ቀፎው አልዘጋ ብሎ በክር ታስሯል። ተናደው ቢሰድቡኝ በወደድኩ። «ስላልቆጠርኩት ይቅርታ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ» ነው ያሉኝ።

መድኃኒቱ ተመለሰ፤ እንደገና ከላይ ጀመርን።

በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ከስድሳ ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝባችን የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ነበሩ። ዛሬ እኔ የሠራሁበት ሆስፒታል የራሱ ስፔሻሊስት አለው ይላሉ፤ ፌኖም ጤና ጣቢያ ይገኛል። ክፍሌ ካርድ ቤት ሆናለች። ባለፈው ሰሞን ሱቅ ሄጄ ክብሪት ብጠይቅ ልጁ «ላይተር ነው ያለን» አለኝ።

የሚታወሰኝ ከፋሲካ በኋላ ያለው ማክሰኞ ነው። እናትየው ብቻቸውን መጡ፤ ልጅቱ ቤት ናት። ቀፎውን ሲያወጡት ከወትሮው ሌላ ድምፅ አለው፣ ይንኳኳል። ከፈትኩት። እንጨቶቹ ሁሉ አናታቸው ቀይ ነው። አዲስ ገዝተው ነው የመጡት፤ በፊተኛው የሚጨመር ጠፍቶ። እኔ ግን ከልማድ ብዛት ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ መቁጠር ጀመርኩ።

«ተው እንጂ፣ ሙሉ ነው» አሉኝ እየሳቁ። «በል አምጣው፤ ቡና ልታፈላበት እየጠበቀችኝ ነው።»

እሳት ገና ነው፣ ቢያንስ ዓመት ይሙላት ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።