የእፍኝ ንፍሮ

ዐርብ ከሰዓት ልጆቹን «ነገ አብረን ንፍሮ እንቀቅላለን፤ ቤት ያፈራውን እፍኝ እፍኝ አምጡ» አልናቸው። ስንዴ መጣ፤ ሽምብራና ባቄላም መጣ። አንዲት ልጅ ግን ባዶ እጇን ደጅ ቆመች። ለካ እቤታቸው እህል አልቋል። እኛ ይህን አላሰብንም፤ አፈርን። ልጆቹ ቀደሙን። «ውሃውስ? አንቺ ቅጂ!» አሏት። ሮጠች።

ጥሬውን ለየብቻ ዘፍዝፈን አሳደርን። የተዘፈዘፈ ጥሬ ቶሎ ይበስላል፤ ማገዶም አይፈጅም። ጠዋት ሽምብራውንና ባቄላውን አስቀድመን ጣድን፤ እነሱ ይቆያሉ። ስንዴውን ኋላ ጨመርን፤ በመጨረሻ ጨው። ምስር ያለው ምስሩን ከሁሉ በኋላ ይጨምር።

ሲበስል ልጆቹ በሰፌድ ለጎረቤት አዳረሱ። ጥርስ ለሌላቸው እማማ ባቄላውን ልጠው አደቀቁላቸው። ውሃ የቀዳችው ልጅ የእናቷን ድርሻ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ ሄደች።