ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው… ይግባኙስ?

እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2019፣ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል። የቸርችል ዳውንስ ሜዳ በዝናብ ጨቅይቷል። 150 ሺህ ገደማ ሕዝብ ቆሞ እየጮኸ ነው። ማክሲመም ሴኪዩሪቲ የተባለው ፈረስ አንደኛ ገባ፤ ጋላቢው ሉዊስ ሳኤዝ ከፈረሱ ሳይወርድ ለቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ሰጠ፤ ባለቤቶቹ ጌሪና ሜሪ ዌስት ደስታቸውን ጀመሩ።

ከዚያ ሁለት ጋላቢዎች ተቃውሞ አስመዘገቡ። ሦስት ዳኞች ምስሉን እያመላለሱ አዩ። ከ22 ደቂቃ በኋላ አንደኛ የወጣው ፈረስ 17ኛ ሆነ። ዋንጫውና 1.86 ሚሊዮን ዶላሩ 65 ለ 1 የተሰጠው፣ ማንም ያልጠበቀው ካንትሪ ሀውስ ሄደ። በእሱ 2 ዶላር ያስያዘ ሰው 132 ዶላር ከ40 ሳንቲም ተቀበለ። በኬንታኪ ደርቢ ታሪክ አንደኛ የገባ ፈረስ ሜዳ ላይ በሠራው ጥፋት ሲወርድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጥፋቱ ምን ነበር? በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ፊት የነበረው ማክሲመም ሴኪዩሪቲ መስመሩን ለቆ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከኋላው ይመጣ የነበረውን ዋር ኦፍ ዊልን መንገድ ዘጋበት። የሁለቱ እግር ሊጠላለፍ ምንም አልቀረውም። በዚያ ፍጥነት አንዱ ቢወድቅ ከኋላ የሚመጡት በላዩ ይሄዱበት ነበር። ምስሉን ያየ ሰው ጥፋት የለም ሊል አይችልም። ዳኞቹ ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ዋና ዳኛዋ ባርባራ ቦርደን አጭር መግለጫ አንብበው ጥያቄ ሳይቀበሉ ሄዱ። በመግለጫው ተጎድተዋል ከተባሉት ፈረሶች መካከል ዋንጫውን የወሰደው ካንትሪ ሀውስ የለበትም! በደንቡ መሠረት ይህ ስሕተት አይደለም፤ ጥፋተኛው ካደናቀፋቸው ሁሉ ኋላ ይቀመጣል፣ ሌላው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ግን ይህን ለሕዝቡ ማን አስረዳ? ባለቤቶቹ ይግባኝ ሲሉ የግዛቲቱ የፈረስ ውድድር ኮሚሽን ወዲያው መለሰላቸው። ዳኞች በማደናቀፍ ጉዳይ የሰጡት ውሳኔ የመጨረሻ ነው፣ ይግባኝ አይባልበትም ተባሉ። የሚገርመው፣ ሳኤዝ ላይ የተጣለው የ15 ቀን እገዳ ይግባኝ የሚባልበት ነበር። የጋላቢው ሁለት ሳምንት ይግባኝ ሰሚ አለው፣ የፈረሱ ደርቢ ግን የለውም።

ዌስቶች ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዱ። በኖቬምበር 2019 መዝገቡ ተዘጋ፤ በኦገስት 2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ምክንያቱ ባጭሩ፦ በኬንታኪ ሕግ በፈረስ ውድድር መሳተፍ መብት ሳይሆን የሚፈቀድ ዕድል ነው፤ መብት ከሌለ ተነጠቅሁ ማለት አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ማን ማሸነፍ እንደነበረበት አልመረመረም። ማለትም የ22 ደቂቃዋ ውሳኔ በሌላ ዓይን አንድም ጊዜ አልታየችም።

አሁን ወደ እንግሊዝ። ሴፕቴምበር 2015፣ ዶንካስተር፣ ከ1776 ጀምሮ የሚካሄደው ሴንት ሌጀር። ሲምፕል ቨርስ የተባለች ባዝራ ቦንዲ ቢችን ለጥቂት ቀድማ ገባች። ዳኞች ገፍታዋለች ብለው ሁለተኛ አደረጓት። ባለቤቶቿ ይግባኝ አሉ፤ በ11ኛው ቀን የዲሲፕሊን ጉባኤው ድሉን መለሰላት። ጉባኤው መነካካት አልነበረም አላለም። የእንግሊዝ ደንብ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ባይገፋ ኖሮ የተገፋው ፈረስ ይቀድም ነበር ወይ? ያንን ማረጋገጥ አልተቻለም ብሎ ወሰነ፤ ምክንያቱንም ጽፎ አወጣ። የተሸነፈው ወገን ቢናደድም የሚያነበው ነገር አገኘ።

የኬንታኪን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጠንካራ የሚመስል ክርክር አላቸው፦ የውርርድ ገንዘብ እዚያው ይከፈላል፤ ከወር በኋላ ውጤት ቢቀየር ማን ከማን ያስመልሳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን መልሱን ኬንታኪ ራሷ ታውቀዋለች። በ1968 ዳንሰርስ ኢሜጅ በመድኃኒት ምክንያት ሲወርድ ክርክሩ እስከ 1972 ቆይቷል። የ2021ዱ ሜዲና ስፒሪት ድሉን የተነጠቀው ከወራት በኋላ በፌብሩዋሪ 2022 ነው፤ እሱም ላይ ይግባኝ ተብሏል። በሁለቱም ጊዜ የተወራረደው ሰው ኪስ አልተነካም። ውርርዱ በዕለቱ ውጤት ይዘጋል፣ ሽልማቱ ለብቻው ይታያል። ለመድኃኒት ይህ ከተቻለ ለማደናቀፍ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የማክሲመም ሴኪዩሪቲ አሠልጣኝ ጄሰን ሰርቪስ በ2020 ለፈረሶቹ የተከለከለ መድኃኒት በመስጠት ተከሶ በኋላ ጥፋቱን አምኖ ታስሯል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምን ያሳዝናል?» ይላሉ። ዳኞቹ ግን በዚያ ቅዳሜ የፈረዱት በሰርቪስ ላይ አልነበረም፤ መዝገቡ ሌላ ነው።

ካንትሪ ሀውስ ከደርቢው በኋላ ታመመ። ሌላ ውድድር ሳይሮጥ ጡረታ ወጣ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ብሎ ሁለቱን ዳግም የማገናኘት ዕድል እንኳ አልተገኘም።